የአንድ ሰው አማካይ

ባለፈው ዓመት ግንቦት፣ የልደታ በዓል በዋለ ማግስት፣ በደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከል አዳራሽ ውስጥ፣ በአትሌቶች ፊት ዋስ ሆነው የቆሙ ሰው ዋስ የሆኑበትን ነገር በገዛ እጃቸው አሳልፈው ሰጡ። በዚህ ምክንያት አንዲት ወጣት የመሰናክል ሯጭ ከማዕከሉ ተባረረች። ዋሱ የቀድሞ መምህሬና የዛሬ የትምህርት ክፍል ኃላፊዬ ናቸው። እኔ በዕለቱ በከተማው አልነበርኩም። ስለዚህ ያየሁትን እንዳየሁት፣ የተነገረኝንም ከነገረኝ ሰው ጋር እጽፋለሁ።

የማስተምረው የስፖርት ሥነ ልቦና ነው። ሙያዬ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች መካከል ለዓመታት የያዝኩት አንዱን ነው፦ የስፖርተኛ ነፍስ የምትሻውን ታገኛለች ወይ? ነፍስ የምትሻው ሦስት ነገር ነው ብለን እንነሣለን። የሚሠሩትን ሥራ ወዶና ፈቅዶ መሥራት፤ ለሥራው ብቁ መሆንን ማወቅ፤ አብረው ከሚሠሩ ሰዎች ጋር መተሳሰር። እነዚህ ሲሟሉ ሯጩ ይሰነብታል፤ ሲጓደሉ እግሩ እየሮጠ ልቡ ቀድሞ ይቆማል። ይህን ለመለካት ለአትሌቱ ዐረፍተ ነገሮች ይቀርቡለታል፤ ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር ምን ያህል እንደሚስማማ ያመለክታል። አንድ ማለት ፈጽሞ አልስማማም፣ አምስት ማለት በጣም እስማማለሁ ነው። መሣሪያው ቀላል ነው። ቀላል በመሆኑም ማንም ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል።

የማዕከሉ አሰልጣኝ ሥራዬን ባስረዳሁት ዕለት እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማኝ። «ዶክተር፣» አለ በኋላ፣ «የልብ ምት የሚለካ ሰዓት ያምጡልኝ፣ ስምዎን እየጠራሁ ጸሎት አደርጋለሁ። የልብ ሐሳብን ግን ለፈጣሪው ይተዉለት።» አጠገቡ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሊያስቀኝ የሚገባ ነገር መሆኑ ገብቶኝ ነበር። ይሁንና ፈቃዱን ሰጠ፤ ከዩኒቨርሲቲ ጋር መሥራት ለማዕከሉ ስም ጥሩ ነበርና።

ሜዳው ከከተማው ጫፍ፣ ባሕር ዛፍ ከከበበው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚወርደው ነፋስ ማለዳ ላይ የመሰናክሉን እንጨት እንደ ብረት ያቀዘቅዘዋል። አትሌቶቹ ልምምዳቸውን ጨርሰው ቱታቸውን ደርበው ወደ መመገቢያ ክፍል ሲገቡ የመጀመሪያውን ዙር መጠይቅ አስሞላኋቸው። አሰልጣኙ እንዲወጣ ጠየቅሁት። ወጣ፤ ወጥቶም በመስኮቱ በኩል ቆመ።

ወረቀቶቹን ሰብስቤ ሳያቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት ነበሩ። «በልምምዴ ላይ የራሴ ምርጫ አለኝ» ለሚለው ዐረፍተ ነገር ሁሉም በጣም ተስማምተዋል። የሚነሡበትን ሰዓት፣ የሚበሉትን፣ የሚሮጡትን ርቀት፣ ስልካቸውን የሚከፍቱበትን ጊዜ ሳይቀር ሌላ ሰው የሚወስንላቸው ወጣቶች ናቸው። እንዴት ነህ ሲሉት «ተመስገን» የማይል ሰው በእኛ አገር ወይ ታሟል ወይ ሳይቀጣ አድጓል። መጠይቄ የተመለሰው እንደ ሰላምታ ነበር። የለካሁት እርካታን ሳይሆን ጨዋነትን መሆኑን ለማወቅ ስሌት አላስፈለገኝም።

አሰልጣኙ ውጤቱን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ይኸው ዶክተር፣ ሁሉም ጠግቦ ያድራል። ነፍሱም ጭምር።»

በሚቀጥለው ሳምንት አትሌቶቹን ብቻቸውን ሜዳው ዳር አገኘኋቸው። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጠው ከአማኑኤል ከተማ የመጣ የማራቶን ሯጭ ነው፤ በስብሰባ ሁሉ የአትሌቶቹ ተወካይ ሆኖ የሚቀመጠውም እሱ ነው። ጫማውን አውልቆ ጭቃውን በእንጨት እየፋቀ ነበር።

«ዶክተር፣ የሞላነውን አይተው ተደሰቱ?» አለኝ።

«አልተደሰትኩም። አንድም እውነት የለበትም።»

ተያይተው ሳቁ። «እኛ የምናውቀው ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል ነው፤» አለ የማራቶን ሯጩ፣ «እርስዎ በደረቅ ወረቀት ሊያወጡት መጡ።»

«እስኪ ብቅሉን ያምጡና ይሞክሩን» አለች አንዲት ልጅ ከኋላ።

«አንቺ ዝም በይ፤ ዝም አይነቅዝም» አላትና ወደ እኔ ዞረ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። «እውነቱን እንሙላ እንበል። ወረቀቱ ኮች ዘንድ እንዳይደርስ ዋሱ ማን ነው?»

ስም እንደማይጻፍ፣ የሚሞላው ጾታና የሚሮጡት ርቀት ብቻ እንደሆነ፣ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጥናቱን መርምሮ እንዳጸደቀው፣ እኔም ምስጢር ለመጠበቅ መፈረሜን አስረዳሁ።

«ኮሚቴ ዋስ ይሆናል እንዴ? ኮሚቴ ቢያጠፋ የማንን እጅ እንይዛለን?»

«እኔ አለሁ።»

«እርስዎ ባለጉዳይ ነዎት። ባለጉዳይ ለራሱ ዋስ ሲሆን የት ታይቷል?»

አልተከራከርኩም፤ ትክክል ነበር። በእኛ አገር መሬት ሲከራይ፣ ሠራተኛ ሲቀጠር፣ የተጣላ ሲታረቅ ዋስ ይቆማል። ዋስ ማለት ነገሩ ሲፈርስ ፈልገው የሚያገኙት፣ በስሙ የሚጠሩትና ጥፋቱን የሚያስመልሱት ሰው ማለት ነው። የተማርኩት የጥናት ሥነ ምግባር በሥርዓት ያምናል፤ እነዚህ ልጆች ያደጉበት ሥነ ምግባር በሰው ያምናል። የትኛው እንደሚሻል ያን ጊዜ ብጠየቅ ሁለቱ አንድ ላይ ይሁኑ ባልኩ ነበር፤ ያደረግሁትም እሱን ነው።

ዋስ እንዲሆኑ የጠየቅሁት መምህሬን ነው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ፣ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የተሻገሩ ሰው ናቸው፤ ተማሪ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እሳቸውም ይወዱታል። ስለ መለካት የማውቀውን የመጀመሪያ ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከክፍላችን ሰው ሁሉ አትሌቶቹ ገና ሲያዩ የሚያምኑት እሳቸውን ብቻ እንደሚሆን ገመትኩ፤ ግምቴም አልተሳሳተም።

ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። አትሌቶቹ ከመሮጫው መም ዳር ክብ ሠርተው ቆሙ። «ዋስ የሚሆን ሰው በሬ ሊኖረው ይገባ ነበር፤» አሉ፣ «እኔ ያለኝ መነጽር ብቻ ነው።»

«መነጽርዎን እንይዛለን፣ የኔታ» አለ የማራቶን ሯጩ።

ሳቁ ሲበርድ እሳቸው ድምፃቸውን ለወጡ። «የማናችሁም ቃል ከማንም ጆሮ ቢደርስ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ዋስ ነኝ።» ከዚያ የማራቶን ሯጩ የሞላነው ወረቀት የሚቀመጠው ዋሱ ዘንድ ይሁን አለ፤ ሌሎቹም ደገፉት። ዋስ የሆነ ሰው የዋስትናውን ነገር በእጁ ሊይዝ ይገባል ብለው ነው። ወረቀቶቹ በመምህሬ ቢሮ ቁም ሣጥን ተቆለፉ፤ ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩትም ፋይል ለእሳቸው ተሰጠ።

ሁለተኛው ዙር ሌላ ነገር ነበር። አምስቶቹ ተበተኑ። ልጆቹ ሲሞሉ እስክሪብቷቸውን ያነሡ፣ ያስቡ፣ ይሰርዙ ነበር። በሙያዬ ውስጥ ብዙ ደስታ የለም፤ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆም ብሎ ራሱን ሲጠይቅ ማየት ግን አንዱ ነው።

ያን ዕለት የመሰናክል ሯጯ ወረቀቷን ይዛ ወደ እኔ መጣች። የዲማ አካባቢ ልጅ ናት፣ የቅኔ መምህር ልጅ። በማዕከሉ በሴቶች መሰናክል የምትሮጥ እሷ ብቻ ናት። ጣቷን «ምርጫ አለኝ» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ላይ አሳርፋ፣ «ይኼ የሚጠይቀው ስለ ዛሬ ነው ወይስ ከመጀመሪያው ጀምሮ?» አለችኝ።

«አንቺ እንደ ተረዳሽው።»

«ከመጀመሪያው ከሆነ የመጣሁት ለአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ነበር። ኮች እግሬን አየና መሰናክል አለኝ። ሰው አልነበረውማ። አሁን እችለዋለሁ፤ የውሃውን ጉድጓድ አንዳንድ ወንዶች ሲፈሩት እኔ አልፈራውም። መቻሌን ግን እሱ ነው የመረጠልኝ።» ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። «አባቴ ዘንድ የሚማሩት ልጆች መምህር የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። አንዱ ካልጣማቸው አኩፋዳቸውን አንጠልጥለው ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ የሚቆጣቸው የለም። እኔ መሰናክሉ ባይጥመኝ ወደየት እሄዳለሁ?»

«እንግዲህ የሚሰማሽን ሙዪ።»

«እሞላለሁ። ዋስ አለኝ አይደል?» ብላ ሄደች።

ለብቃት የሰጠችው ቁጥር ከፍተኛው ነበር፤ ለመተሳሰር መካከለኛው፤ ለምርጫ አንድ። አሁን ይህን የምጽፈው ራሷ ይጻፉት ስላለችኝ ነው። እንዲህ ያለው መልስ ከሁሉ በላይ የሚያስተምር ነው። ጎበዝ መሆን የተመረጠ ሥራን እንደማይተካ፣ የነፍስ አንዱ ጉድለት በሌላው ትርፍ እንደማይሞላ ያሳያል። በመጽሐፍ ያነበብኩትን ነገር ከአንድ ልጅ አፍ ሰማሁት፤ የሰማሁትንም ለማንም አልተናገርኩም።

የውጤቱን ረቂቅ ሳዘጋጅ አትሌቶቹን በሁለት ብቻ ከፈልኳቸው፦ የመም ሯጮችና የጎዳና ሯጮች። ከዚህ በላይ መከፋፈል ክልክል ነው። ቡድኑ ሲያንስ ቁጥሩ ሰውን መምሰል ይጀምራል። ይህን ደንብ የተማርኩት በሁለተኛ ዓመት፣ ከመምህሬ አፍ፣ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ለፈተና ሥራ ባሕር ዳር ሄድኩ። በዚያ ሳምንት መንገዱ ተዘጋ፤ ስልክም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲያሻው ይጠፋል። ለማዕከሉ ውጤት የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። መምህሬ እኔን መጠበቅ ይችሉ ነበር፤ ራሳቸው አቀረቡ። የጥናቱ ርእስ ሥር ስማቸው ከስሜ ቀድሞ ተጽፎ ነበር። በዚህ አልከስሳቸውም፤ በእኛ ቤት የታላቅን ስም ማስቀደም ልማድ ነው።

በአዳራሹ የሆነውን የነገረኝ የማራቶን ሯጩ ነው፤ በአትሌቶች ተወካይነት ተቀምጦ ነበር፤ በግድግዳው ላይ የታየውንም ሠንጠረዥ በስልኩ አንሥቶታል። መጀመሪያ ሁለቱ ቡድኖች ታዩ። ከማዕከሉ ሰዎች አንዱ በየርቀቱ ለይታችሁ ብታሳዩን አሉ። ሌላ ሠንጠረዥ መጣ፤ ተዘጋጅቶ የመጣ ነበር። ከረድፎቹ አንዱ «መሰናክል፣ ሴት» ይላል። ከአጠገቡ ለምርጫ፦ አንድ።

አሰልጣኙ ሠንጠረዡን ጥቂት ጊዜ ተመለከተና ሳቀ። «እኛ ዘንድ መሰናክል የሚዘሉ ሴቶች ስንት ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። መምህሬ ወደሚቀጥለው ምስል አለፉ።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ለልምምድ ሲሰለፉ አሰልጣኙ በሁሉም ፊት ጠራት። «ምርጫ የለኝም አልሽ አሉ። ይኸው ምርጫ፦ በሩ ያውልሽ፣ መንገዱም ያውልሽ።» ልጅቷ ወደ ማራቶን ሯጩ ዞራ፣ «ዋሱ ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችው። በነጋታው አልጋዋ ለሌላ ልጅ ተሰጠ።

ከባሕር ዳር ስመለስ የማራቶን ሯጩ ከአውቶቡስ መናኸሪያ ጠበቀኝ። ቦርሳዬን ተቀበለኝና፣ «ዶክተር፣ ዋሳችን ታመዋል እንዴ?» አለኝ። ሠንጠረዡን ያሳየኝ እዚያው ቆመን ነው።

በማግስቱ መምህሬ ቢሮ ገባሁ።

«ነይ ልጄ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?»

«መንገዱ ደኅና ነበር፣ የኔታ። የመሰናክል ረድፍ ለምን ብቻውን ቆመ?»

እንድቀመጥ በእጃቸው አሳዩኝ፤ ቆሜ ቀረሁ። «ስም አልጠራሁም፤» አሉ፣ «ያቀረብኩት አማካይ ነው።»

«የአንድ ሰው አማካይ ስም ነው። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«በሰው ቤት ተጋብዤ ተቀምጬ፣ አሳዩን ሲሉኝ አላሳይም ልበል? ምን ይሉኛል?»

ስለ ይሉኝታ ብዙ አስቤበታለሁ። በጎ ጠባይ ነው ይባላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ነገር ግን ይሉኝታ የሚደረገው ሁልጊዜ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ በቦታው ያልተገኘ ሰው ነው። ያን ጠዋት በአዳራሹ ውስጥ ለሁሉም ሰው ይሉኝታ ተይዞለት ነበር፤ መሙ ላይ ከምትለማመደው ልጅ በቀር።

«ደግሞስ፣» አሉ መምህሬ፣ «ይኸ ምርጫ የምትሉት ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የእኛ ልጅ በታላቁ ምክር ነው የሚያድግ። አሰልጣኙ ቢቀየም እፈርድበታለሁ?»

«እርስዎ ከመጀመሪያው የቅኔ መምህርዎ ተነሥተው ወደ ሁለተኛው የሄዱት በማን ምክር ነው?» ይህን በክፍል ውስጥ ራሳቸው ነበር የሚያወሩልን፤ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ አኩፋዳቸውን ይዘው፣ የተሻለ ቅኔ ፍለጋ አገር አቋርጠው እንደ ሄዱ። ሲያወሩት ዐይናቸው ያበራ ነበር። ያ ባሕር ማዶ አልነበረም፤ ጎጃም ነበር።

«ያ ሌላ ነው» አሉ።

በምን እንደሚለይ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሌላ የምጠይቀው ነገር ነበረኝ። አማካይ የሚያወጣው ፕሮግራም ከየአማካዩ ጎን የሰዉን ብዛት ይጽፋል። እኔ በተውኩት ፋይል ውስጥ የብዛት ዓምድ አለ። በአዳራሹ በታየው ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። ዓምድ በራሱ አይጠፋም፤ እጅ ያወጣዋል።

«የብዛቱን ዓምድ ማን አወጣው?»

መምህሬ ወደ መስኮቱ አዩ። «ሻይ ትጠጫለሽ?» አሉኝ። አልጠጣሁም።

ማዕከሉን በጽሑፍ ጠየቅሁ። የመለሱልኝ አጭርና ብልህ ነው። አትሌቷ የተሰናበተችው በዲሲፕሊን ጉድለት ነው፤ በመጠይቅ መልሷ ምክንያት ተባረረች የሚባለው ሊሆን አይችልም፣ ምክንያቱም የቀረበልን አማካይ ውጤት እንጂ የማንም ግለሰብ መልስ አይደለም፣ ይህንንም ያቀረቡት ምሁር ያረጋግጣሉ፤ ይላል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በአንድ ሰው አፍ ላይ ቆመ። መምህሬ «አዎ፣ ያ ረድፍ አንድ ሰው ነበር፤ መቅረብም አልነበረበትም» ቢሉ የማዕከሉ ምክንያት ይወድቃል። ዝም ቢሉ ይጸናል። የማራቶን ሯጩም አሰልጣኙን አነጋግሮ ነበር። «የኔታ ራሳቸው መጥተው ስሕተት ነው ካሉኝ እመልሳታለሁ፤ ትልቅ ሰው አላዋርድም» ብሎታል። የሯጭነት ቦታዋ ክፍት የሚቆየው ግን አዲስ ሠልጣኞች እስኪመረጡ ነው፤ ምርጫውም ከመስቀል በኋላ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ፣ በጳጉሜን፣ ልጅቷን ለማየት ሄድኩ። እስከ ብቸና በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ቤታቸው ከዲማ ገዳም ሥር፣ የተማሪዎቹ ጎጆዎች ካሉበት አጠገብ ነው። ከአጥር ውጭ አየችኝና እጄን ተመለከተች።

«ዶክተር፣ ሌላ ወረቀት ይዘው መጡ?»

«አልያዝኩም።»

«ደግ። ቢይዙ ለምርጫ አምስት እሞላልዎት ነበር። እዚህ የፈለግሁትን ዳገት በፈለግሁት ሰዓት እሮጣለሁ።» ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። «የሚያየኝ የለም እንጂ። ስጨርስ ማንም ጎሽ አይለኝም፤ ሰዓት የሚይዝልኝም የለም። አሁን መቻሌን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።»

መጠይቄ በዚያ ሜዳ ላይ ሊያገኘው ያልቻለውን ነገር በአጥር ጥግ ነገረችኝ። ምርጫ አልባ ብቃት ነበራት፤ አሁን ብቃቱን የሚያይ ሰው የሌለበት ምርጫ ሰጧት። አንዱን ነጥቆ ሌላውን መስጠት ማካካሻ ተብሎ አይጠራም።

አባቷ ትምህርት አቋርጠው መጡና ከድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሁሉንም ያውቁ ነበር። አልተቆጡም። «እኔ አሰልጣኙን አልለምንም፤» አሉኝ፣ «እሱ ዋስ አልሆነኝም። ዋሱስ ምን አሉ?»

«እስካሁን አልመለሱም፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ምን ልትነግሪኝ መጣሽ፣ ልጄ?»

ልጅቷ መለሰችላቸው። «ዶክተር ሊያዩኝ ነው የመጡት፣ አባ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «በልመና አልመለስም» አለች። «ሰው አማልዶኝ ብመለስ ኮች ነገ ሌላ ነገር ያመጣብኛል። ዋሱ ይምጡና በልጆቹ ፊት ይናገሩ። ከዚያ የመሰናክሉን ነገር ከኮች ጋር ራሴ እነጋገራለሁ፤ ምናልባትም አልተወው። የምሮጠው ግን መርጬ ይሆናል።» እንድጽፈውም የፈቀደችልኝ ያን ጊዜ ነው። «ቁጥሬን እንደሆን ሁሉም አውቆታል፤ የቀረውንም ይወቁት።»

ከዲማ ከተመለስኩ በኋላ መምህሬን ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠየቅኋቸው፤ አንድ ጊዜ ደግሞ በኮሪደር። በኮሪደሩ የመለሱልኝ «ነገር አታክርሪ፣ ጊዜ ይፈታዋል» የሚል ነው። ጊዜ ይህን አይፈታም። ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስቀል ያልፋል፣ የልጅቷም ቦታ በሌላ ሰው ይያዛል።

ማካፈል የሁለት ቁጥሮች ሥራ ነው። ድምሩ አለ፣ ብዛቱ አለ። ፕሮግራሙ ብዛቱን በግልጽ ጽፎ ነበር። ዓምዱ የወጣው ሠንጠረዡ ከግድግዳው እንዲመጥን ተብሎ ከሆነ ነገሩ ቸልተኝነት ነው፤ ቸልተኛ ሰው ስሕተቱን ተናግሮ ክብሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ልጅቷም ትመለሳለች። ዓምዱ የወጣው ውስጡ ያለው ቁጥር ስለ ታየ ከሆነ ግን ሌላ ስም አለው። ሁለቱን የሚለይልኝ ማስረጃ በእጄ የለም፤ ያለው፣ የኔታ፣ በእርስዎ ዘንድ ብቻ ነው። ለዚህ ነው መርምሬ ያልፈረድኩት፤ የምጠይቀውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የኔታ፣ ይቅርታም ማብራሪያም አልጠይቅዎትም። ከመስቀል በፊት በመረጡት ማለዳ፣ ዋስ ነኝ ባሉበት ሜዳ፣ አትሌቶቹ፣ አሰልጣኙና ልጅቷ ባሉበት፣ ይህን አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ የብዛቱን ዓምድ ከሠንጠረዡ ያወጡት «መሰናክል፣ ሴት» ከሚለው ረድፍ ትይዩ በዚያ ዓምድ አንድ የሚል ቁጥር መኖሩን አይተው ነው ወይስ ሳያዩ?